ፍየል ወዲህ

"ፍየል ወዲህ ሲሉት ቅዝምዝም ወዲያ"፣
ብላ ሳቀችብኝ አንጓች በገበያ፤
ዳለቻን በገመድ ከቁራር ጎትቼ፣
የዓባይን ዳገት ደጀን ላይ ወጥቼ፣
ላቤን ሳልጠርገው።
"ወጠጤ ሲያልፍ ሰው አፍንጫውን ይዞ፣
ካንቺ ሊገዛ ነው ገንዘቡን መዝዞ?
ሳሙና ከፍየል! ሽቶስ ከምኗ ነው?"
ዝም ብዬ አለፍኩኝ፤ እኔስ መች አውቄው።

የፊተኛው ቅይጥ ኮስቲኩ ሲነካው፣
ቀንድ እንደ ጠበሱት ቤቴን አከረፋው።
ሁለተኛው ረግቶ እንደ አይብ ተበተነ፣
ሦስተኛው እጄን ልጦ እሱ በጤና ዳነ።
ለካስ ወተት ሲሞቅ ነው ኮስቲክ የሚቆጣው፤
ፍሪጅ ከየት አባቴ፣ በምን ብር ላምጣው?
ግን ደጀን ብርድ አለው።
ድመቴን ቆልፌ፣ መሰላል ወጥቼ፣
በኅዳር ውርጭ ሌሊት ወተቱን አስጥቼ፣
ሲነጋ አወረድኩት ጠርሙስ መስሎ ደርቆ፤
ሳሙናው ያን ለታ ወጣ ነጥቶ ደምቆ።

ሳሙና አርባ ቀን መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤
ሳይደርስ ከነኩት ይናከሳል።
ሕፃን በአርባው ይጠመቃል፣
ሙት በአርባው ይታሰባል፤
ታክሎዬ ሊያርፍ ዋዜማ የቆረጥኩት ሳሙና
ከሱ ጋር እኩል አርባው ደረሰና፣
ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ቤቱ ጭር ሲል
ፊቴን ታጠብኩበት።
አረፋው ዓይኔ ገባ። በሱ አሳበብኩት።

መሪጌታ ይሄይስን በሁዳዴ አስቁሜ፣
"የወተት ሳሙና ያስገድፋል ወይ?" ብላቸው፣
"ቆዳ አፍ አለው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ፤
ጥቂት ሄድ አሉና ዞር ብለው ግን፣ "ልጄ፣
ለማንኛውም አንዷን ለፋሲካ ደብቂልኝ።"

ሽቶው ሌላ ጣጣ!
አደሱን፣ አሪቲን፣ ጠጅ ሳሩን ከትፌ፣
በሳል መድኃኒት ጠርሙስ፣ በሰሊጥ ዘይት ዘፍዝፌ፣
ከአልጋ ሥር ጨለማ ወር ሙሉ አሳልፌ፣
አንዳንዱ ይሠምራል፤ አንዳንዱ ይሻግታል።
ሐምሌ ላይ ከገደሉ ጉም ሲወጣ የሚሸተውን ግን፣
የረጠበ ድንጋይ፣ የግራር ላብ፣ የሩቅ ውሃ፣
ሦስት ክረምት ደከምኩበት፤
ብልቃጥ አልገባም አለ።

ገደፋው የሲኖትራክ ሾፌር ነው።
"ናፍጣ ናፍጣ ስል ልጄ አላቅፍህ አለችኝ"
ብሎ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ብልቃጥ ገዝቶ
በረሃውን ወረደ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ።
በወሩ ሚስቱ መጣች።
ከጎሃ ጽዮን ተሳፍራ፣ ዓባይን ተሻግራ፣
ጎጃም ድረስ፣ በኔ በር፣ ነጠላዋን አጥብቃ አስራ፦
"ባሌን ሽቶ የምትቀባው ሴት የታለች?"

ዳለቻን እያለብኩ ነበር።
ቀሚሴ ፍየል ፍየል፣ እጄ የዛፍ ቅርፊት፣
ጸጉሬ ላይ ገለባ፤
"እኔ ነኝ" አልኳት።
ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።
ቀረብ አለች። አሸተተችኝ።
አጥሩን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣
እኔም የጀመርኩትን ወተት ደፍቼ ሳቅሁ።
ያልሳቀችው ዳለቻ ናት፤
ስሜ የታተመበትን፣ ትናንት ከማተሚያ ቤት የመጣውን
የሳሙና መጠቅለያ ወረቀት
ቁጭ ብላ ታኝካለች።

"ስንት ነው?"
"ሰማንያ።"
"ለሱስ ስንት ሸጥሽለት?"
"ሰማንያ።"
"እኔ የአውቶቡስ ከፍያለሁ፤ በሃምሳ።"
"ኮስቲክ ተወዷል፣ እህቴ።"
"እንግዲያው እሱ የወሰደውን ሽታ ስጪኝ፤
ቤት ውስጥ አንዳችን አንዳችንን አንጠርጥር።"
በስልሳ አምስት ተስማማን።
አንጓች ካጥሯ ማዶ አንገቷን አስግጋ ትቆጥራለች፣
ብሩን ይሁን ሳሙናውን እንጃ።
ወረቀቱ አልቆ ነበርና
በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩላት።