የኋላ ማርሽ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ በሚያልቅበት፣
ጥቁሩ የጭቃ መሬት ጎማ በሚውጥበት፣
ብሎክ አርባ አንድ ጋ፣ ውሃ ከጠፋበት
አሥራ ሁለት ቀኑ፣
ቦቴዬን ነድቼ ደረስኩ በማለዳ፤
ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ተሰልፎ በሜዳ።

መግቢያው ጠባብ፦ በግራ ያልተከደነ ቦይ፣
በቀኝ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ሽቦ ረግቦ ከላይ።
መዞሪያ የለውም። ደረጃው ላይ ጎረምሶች፦
«ሴት ናት እኮ!» አለ አንዱ፤ «አሁን ትገጫለች።»
«ጉድ ይታይ!» አለ ሌላው፣ «ሱቁን ትንዳለች።»

መስታወቴን አየሁ። ማርሹን ወደ ኋላ።
ትንፋሽ። ፍሬን ቀስ። ግራ። ትንሽ። ላላ።
ስድስት ሺህ ሊትር ውሃ ከኋላዬ ሲናጥ፣
እጄ አይንቀጠቀጥ፣ ልቤ አይደነግጥ።
ከቦዩ አንድ ስንዝር፣ ከሱቁ አንድ ክንድ፤
ገባሁ።
ጎረምሶቹ ዝም።

ይህች እጅ ግን ያኔ፣ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣
ሻይ ታፈስ ነበረ ሰው ካያት ፊት ለፊት።
ስሜን ሲጠይቁኝ የምነግረው ለጫማዬ፤
አሥረኛ ክፍል ወድቄ፣ ተከርችሜ ጓዳዬ፣
እዚሁ፣ ሕንጻ ሳይበቅል፣ የሽምብራ ማሳ ሳለ፣
የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «ተመዝገቡ» እያለ
ሲያልፍ ሰማሁ። ሄድኩ።
አባቴ አልተቆጣም፤ እስኪያስለው ሳቀ፦
«ድመት የምትፈራ ዘመተች! ጠላት አለቀ!»

ባሻ ቦንሳ ነበር ኡራል ያስነዳኝ፤
መፋቂያውን ሳያወጣ እንዲህ ነው ያለኝ፦
«ወደ ፊት ማንም ይነዳል፤ ቁልቁለትም ይነዳል፤
የኋላ ማርሽ ሲገባ ግን ሰው ከሰው ይለያል።»
ሁለት በርሜል አቆመና «በመሐል ግቢ» አለ።
አንዱን መታሁ። ሌላውን መታሁ።
ደግሞ አቆመ፤ ምንም አላለ።
አንድ ወር ከሳምንት በርሜል ስጨፈልቅ፣
ማታ ብርድ ልብስ ስር የሌለ መሪ ሳዞር እንቅልፌ እስኪያልቅ፣
በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ገባሁ ሳልነካ።
መፋቂያውን አወጣ። «እ» አለ። ያ ነበር ለካ
ሜዳሊያዬ።

ስለዚያ ሌሊት ግን ብዙ አልናገርም።
ገደሉ በግራ ነው። መብራት አይበራም።
መዞሪያ የለውም መንገዱ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር
ወደ ኋላ ነዳሁ፣ ድንጋዩን በጎማ ስዳብስ፣ ስቆጥር።
ዘጠኝ ቁስለኛ ጭኜ ስምንት አወረድኩ።
ስምንቱ አመሰገኑኝ፤ እኔ ዘጠነኛውን ቆጠርኩ፤
እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ። «ጀግና» የሚለኝ ሰው
ሲመጣ፣ ቁጥሩን ነው አስቀድሜ የማስታውሰው።

ስሰናበት ወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተም ያለው፦
«ለሃምሳ አለቃ ዘውዴ፣ ብቃት ላሳየው።»
ዘውዴ! ወንድ አደረገኝ ጸሐፊው በችኮላ፤
ማኅተሙን ሊመታ ሲል ግማሽ ስሜን በላ።
ላሳርም አልሄድኩም። ያቺ የጫማዋ ልጅ
ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ እኔ ሳቅሁ እንጅ።
አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት፤ ረሳሁት።

ዛሬ፣ ቱቦዬን ስጠቀልል፣ ጀሪካኗን አቅፋ
አንዲት ልጅ ቀረበች፤ ድምጿ እየጠፋ
«እንዴት ተማርሽው?» አለች፣
ለጫማዋ።
«በርሜል በመጨፍለቅ» አልኳት። «ብዙ በርሜል።»
ቀና ብላ አየችኝ፤ የምቀልድ መስሏት።

ማታ አባቴ ቤት ገባሁ፣ ከጡብ ማምረቻው ጓሮ፤
ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ተቸንክሮ
አየሁት ያን ወረቀት። አባቴ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤
ምንም እንዳላደረገ ሰው የተኛ መስሏል፤
ሳሉ ግን አጋለጠው።
ቀረብ ብዬ አነበብኩ። «ላሳየው»ን አልነካውም።
ከ«ዘውዴ» ቀጥሎ ግን፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ፣
ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ፊደል ያልጣለ እጁ
ተንጋዶ፣ ከመስመር ወጥቶ፣
ሁለት ፊደል ጨምሯል፦

«ነሽ»።