የቁልፍ ጣሳ

ዓርብ ዕለት ነገረችኝ መምህርቷ፣ በር ላይ አቁማ፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ወላጅ እንዳይሰማ፦
«ማርሸት ቁጥር አልያዘችም። ሰሌዳው ላይ ስቆጥር
ዓይኗ የኔ ሸሚዝ ላይ ነው፤ ቁልፌን ስትመረምር።
ደብተር ይግዙላት፤ ማታ ማታ ያስጠኗት።»
እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ገና የአራት ዓመት ልጅ ናት።

ደብተሩን ገዛሁ፣ ልባሱ ላይ የፋሲል ግንብ ያለበት፤
ቅዳሜ ግን ገበያ ነው፤ ማን ጊዜ አለው ለትምህርት?
እናቷ አንጓች ሆስፒታል ናት፣ የቀን ተረኛ፤
እኔ አራዳ፣ በረንዳው ጥግ፣ ከስፌት መኪናዬ ጋር ቁራኛ።
ማርሸት እግሬ ሥር ተቀምጣ፣ ከፔዳሉ ተጠንቅቃ፣
የቁልፉን ጣሳ ዘቀዘቀች፣ እስኪያልቅ ድረስ ጠብቃ።

የወተት ጣሳ ነበር፣ የራሷ፣ ስትወለድ የገዛነው፤
ዛሬ የሞተ ሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የካኪ ሱሪ መቃብር ነው።
ነጩን ወዲህ አደረገች፣ ጥቁሩን ወዲያ፤
ከዚያ አፈረሰችው። እንደገና፣ በቀዳዳ ለየችው በያይነቱ ለያይታ፦
«እነዚህ ዓይን ብቻ ናቸው። እነዚህ አፍንጫም አላቸው።
አፍ ግን የላቸውም አባዬ፤ ለዚያ ነው ዝም ያሉት ሁላቸው።»

ሥራ ሰጠኋት። እንዳትረብሸኝ ብዬ ነው፤ አልዋሽም፤
ለማስተማር አልነበረም።
«አምስት ነጭ አምጪ፣ ትናንሹን።» በመዳፏ ሰፍራ መጣች፤
አንድ ጎደለ። ራሷ አየችው፤ ሳልናገራት ተመለሰች።

ሜትሩን ካንገቴ አውርዳ ለካች፣ ያገኘችውን ሁሉ፦
የአግዳሚውን እግር፣ የደረጃውን ጠርዝ፣
የሊስትሮውን የጌጡን ሣጥን፣
ጫማውን ሊያስጠርግ የተቀመጠውን ሰውዬ በሙሉ።
«ስንት ሆነ?» ቢላት ጌጡ፣ «ከኔ ይበልጣል፤ ካባዬ ያንሳል።»
ቁጥር አልጠራችም፤ ግን ልኬት ማለትስ ሌላ ምን ይባላል?

ከሰዓት ውሃ መጣች፣ ባሥራ ሁለተኛ ቀኗ፣ ሳይታሰብ፤
ሰፈሩ በቢጫ ጀሪካን ሲተራመስ፣ ሲሰባሰብ፣
ማርሸት ከኩባያ ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ ድስት ገለበጠች፤
«ይሄ ወፍራም፣ ያ ረጅም፤ ግን የጠጡት እኩል ነው» አለች።
ልታረጋግጥ ደገመችው። እግሬ ላይ። ቀሚሷም ራሰች።
ወይዘሮ ጥሩአየሁ «ውሃ አታባክኚ!» ብለው ጮኹ።
እውነታቸውን ነው፤ ብርቅ ነው ውሃ።
ማርሸት ግን ሰምታም አልሰማች።

ማታ፣ በእጅ ልጨርሰው ቤት ያመጣሁት ሸሚዝ ነበረ፣
ለነገ ሰርግ የሚደርስ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመረ።
ልታጥፍልኝ ተቀበለችኝ። እጅጌውን ካጅጌው ደረበች፣
ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመች፣ እንደ ካልሲ
(ካልሲ በቤታችን እሷ ናት የምታጣምር)። ቆም አለች፦
«አባዬ፣ ይሄኛው እጅ ተቀንሷል።»
ለካሁት። ሁለት ጣት። እውነትም አጥሯል።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁ ሰው፣ ሰርገኛ ሊስቅብኝ፣
ቁጥር አልያዘችም የተባለች ልጅ ናት ያዳነችኝ።

ሰኞ ጧት፣ እዚያው በር ላይ፣
«እስቲ ማርሸት፣ ሦስት ምንድን ነው?» አለቻት መምህርቷ።
ልጄ ጫማዋን አየች፤ አፏ ገባ አንድ ጣቷ።
«ሦስት የሕፃን ሸሚዝ ነው። ሰባት የትልቅ ሰው።
ያንቺ ግን ስድስት ነው፤ አንዱ ወድቋል፣ ከታች ያለው።»

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ባዶውን ቦታ ዳሰሰች።
ማርሸት ከኪሷ አንድ ነጭ አወጣች፤
ዓይንም አፍንጫም ያለው።
«እንኪ» አለቻት፤ «ቁልፍ ነው።»

የቅኔ አገር ሰው ነኝና፣ ቃሉን ሁለቴ ሰማሁት።
ደብተሩንስ?
የደንበኛ ልኬት ጻፍኩበት።