ስለ ዝናቡ ነው

አረብ ሰፈር ጓሮ፣ ቆርቆሮ አዳራሽ፣
ግማሹ ተቀማጭ፣ ግማሹ ተንፏቃሽ፣
በሽልንግ ገባን ሐሙስ ከሰዓት፤
ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ የእንግሊዞች ሥራ፣ ርዕሱ የጠፋበት።

በርጩማ ላይ ቡሪሶ፣
የአጎቱን የመምህር ኮት እንደ ካባ ለብሶ፣
አሥራ ሁለተኛን ሁለት ጊዜ ወድቆ፣
ከሬዲዮ የቃረመውን እንግሊዝኛ በምራቅ አድቅቆ፣
ማይክሮፎን ጨብጦ፣ ሽቦው የተቆረጠውን፣
ይተረጉማል ያሉትን፣ ያላሉትን፣ ሊሉ የነበረውን።

አንድ ሚኒስትር መጣ፣ ረጅም ባርኔጣ፣
ወንዝ በሌለበት ድልድይ ሊመርቅ ወጣ።
በጅራታም ኮቱ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ቀጥ ሲል፣
አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት የሚጠብቅ አባ ኮዳ ነው የምትል!
«ወንዙስ የታል?» አለችው የፖስታ ቤት ልጅ።
«ወንዙማ ታቅዷል፣ በጀት ጠፋ እንጅ!»

ቤቱ ጭጭ አለ። ምክንያቱም ከፊት፣
ቲኬት ሳይቆርጡ፣ ወንበር አስመጥተው ከመጠጥ ቤት፣
ተቀምጠዋል አቶ ላንቃሞ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፤
ባለፈው ወር ቦኖ ውሃ መርቀው ነበር፣
በጭብጨባ፣ በማርሽ ባንድ፣ በሙዝና በብስኩት፤
ውሃው ብቻ ቀረ፤ የጥሪ ካርድ ረስተውት።

ዞር አሉ፦ «ምንድነው ያለው?»
ቡሪሶ ምራቁን ዋጠ። «ስለ ዝናቡ ነው፤
እዚያ አገር ትልቅ ሰው ሌላ አያወራም፤
ዝናብ አለ፣ ዝናብ መጣ፣ ዝናብ አያባራም።»

ከዚያ ወዲያማ፣ ሚኒስትሩ ሲዋሽ፣ ስለ ዝናቡ ነው።
ሪባኑን ስቶ የገዛ ክራቫቱን ሲቆርጥ፣ ስለ ዝናቡ ነው።
ምክትሉ በጠረጴዛ ሥር ወፍራም ፖስታ ሲያሾልክ፣
«ይሄ ደግሞ» አለ፣ «የዝናብ ልክ!»
እኛ ጉንጫችንን ነክሰን ስንሰቃይ፣
አቶ ላንቃሞ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪታይ፦
«አቤት መመሳሰል! አቤት የሰው ነገር!
ይሄማ ቁርጥ የዜሮ አምስት ሊቀመንበር!»

ፍቅሩም መጣ ዘግይቶ። የሚኒስትሩ ጸሐፊ፣ አንድ ቀጫጫ፣
በየቀኑ ቴምብር ይገዛል፣ አንዲት ብቻ፤
የሚልከው ደብዳቤ የለው፣
ቴምብሩ መስኮቷ ሥር መቆሚያ ሰበብ ነው።
አንድ ቀን ሁለት ቃል ተነፈሰ በጭንቅ፤
ቡሪሶ ሲተረጉመው ሊመሽ ደረሰ ሳያልቅ።
ዓይኑ ስክሪኑን ትቶ በሩ ላይ ቀርቷል፤
እዚያ ትርሲት በወተት ጣሳ ሳንቲም ትቆጥራለች፣ ይሳሳትባታል።
«ኧረ ልጁ አፉን ዘግቷል!» ጮኸ አንዱ ከኋላ፣
«ማነው የሚናገረው ሌላ?»

ሊሳሳሙ ሲሉ መብራት ሄደ።
«ይሄስ?» አሉ አቶ ላንቃሞ በጨለማ።
«ስለ ዝናቡ ነው!» አልናቸው፣ ቤቱ ሙሉ፣ በአንድ አፍ።

ማታ በሐይቁ መንገድ፣
እኔ ከኋላ፣ ጆሮዬን ከፊት አድርጌ፣
ቡሪሶ፣ ያ ሁሉ አፍ፣ ቃል አጣ።
ጉሮሮውን ጠረገ። ሰማይ ሰማዩን አየ፤
ታቦር ላይ ኮከብ ተዘርቷል፣ ደመና የሚባል የለም።
«ይዘንባል መሰለኝ» አላት።
ትርሲት ቀና እንኳ ሳትል፣ ጣሳዋን እያንኳኳች፦
«ለማን ነው የምትተረጉመው?
እዚህ ሊቀመንበር የለም።»

መልሱ ላይ ጋሪ አለፈበት፤ አልሰማሁም።

ይኸው ስንት ዓመት። ቦኖው እንደ ደረቀ ነው፤
ሪባኑን ፍየል በላችው።
የመጀመሪያ ልጃቸውን
ዘነበች ብለዋታል።