የወደቀው እርከን

ከቢቶም ዳርቻ፣ ትራም ከሚዞርበት፣
የዚንክ ማቅለጫ አለ፣ ሰው የለቀቀው ቤት።
እኛ ሳንወለድ ነው በሩ የተዘጋ፤
ከዚያ ወዲህ ጡቡም፣ ብረቱም የለው ዋጋ።
ከሰል ስላወጡ ምድሩ ውስጡ ባዶ፣
ሰፈሩ ያዘነብላል፣ ግድግዳው ተንጋዶ፤
እሷ ብቻ ቀጥ ብላ፣
መቶ ሃያ ሜትር፣ ጭስ የሌላት ማውጫ፣
የርግብ መቀመጫ።

በጥቅምት ማለቂያ፣ ጨረቃ ሳትወጣ፣
ገባን ቲሜክና እኔ፣ የሽቦው አጥር ቀዳዳ አላጣ።
የሠራተኛ ቁምሳጥን በተርታ ተከፍቷል፤
ባንዱ ውስጥ አንድ እግር ቡት፣ ማሰሪያው ተፈቷል።
ካላንደሩ ቆሟል፣ አንድ ወር ላይ ደርቆ፣
ቀጣዩን ገጽ የሚገልጥ አንዲት ጣት ናፍቆ።

እናውቅ ነበር። አውቀን ነው የመጣን።
በጸደይ፣ ዛብዤ ውስጥ፣ ከእህል ጎተራ አናት
ለወደቀው ልጅ ሻማ አብርተንለታል፤
ያኔ የፈሰሰው ሰም፣ ዛሬም ከቲሜክ ጓንት
ከጠቋሚ ጣቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ጃኬቱን ሰጠኝ፤ ሙቀቱ አልለቀቀውም።
«እስከየት?» ብለው፣ «እስኪያልቅ» አለ፤
መልሱ አላስጨነቀውም።

እኔም ጀምሬ ነበር፤ አሥራ አራት ቆጠርኩ፤
አሥራ አምስተኛው ላይ በጉልበቴ አፈርኩ።
ወረድኩ።
እሱ ግን አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ ወጣት ነው፣ ወጣት፤
ያቺን ቀጥ ያለች ግንብ እንደ ደረጃ ወጣት።
የግንባሩ መብራት እየራቀች ራቀች፣
ከዋክብት መሃል ገብታ ተደባለቀች።

ስልኬ ነዘረ። ፎቶ። ከተማው በሙሉ፣
እስከ ካቶቪትሴ መብራት የሞላው ሁሉ፣
ከሥርም አንዲት ነቁጥ፤ «አንቺ ነሽ» ይላል ቃሉ።
ነቁጥ መሆኔን ወደድኩት። አልዋሽም።

ከዚያ ድምፅ።
ከላይ አንዳች ነገር ግንቡን እየገጨ፣
አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ቀጥሎም አፏጨ፣
ከእግሬ ሥር ጭቃውን ፊቴ ላይ ረጨ።

ብረት ነው ወይስ ሰው?
ባትሪዬ በእጄ ነው፤ አንገቴ ነው እንቢ ያለው።
ካላየሁ አልወደቀም፣ ብዬ ተደራደርኩ፤
ጃኬቱን አቅፌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤
ከሃያ በኋላ ያለውን ቁጥር ረሳሁት፤
እንደገና ካንድ ጀመርኩ።

ከዚያ፣ ከሰማዩ፣ አንድ ሳል ተሰማ።
እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ እስከዛሬ የለማ!

ለመውጣት ሃያ ደቂቃ፣ ለመውረድ ሰዓት ፈጀ፤
አፈሩን ሲረግጥ ፊቱ አሥር ዓመት አረጀ።
«አንዱ እርከን ከእጄ ጋር መጣ» አለ።
ሌላ አልጨመረ።

ከማዶው ቤት መጡ፣ ካፖርት በፒጃማ ላይ ደርበው፣
አዛውንቱ ጌራርድ፣ በጫጫታው ነቅተው።
አልተቆጡም፤ ለፖሊስ ስልክም አልደወሉ፤
ጎንበስ ብለው ብረቱን ከጭቃ ነቀሉ፤
ብየዳውን ባውራ ጣት ዳሰሱት በቀስታ፤
«የኔ እጅ ነው» አሉ፣ «ሰባ አንድ፣ የታኅሣሥ ማታ።
ፈረቃው ሊያልቅ ነበር።
ቸኩለን ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ብረት መቁረጫ ይዘው፣
ከልጃቸው ጋራዥ መሰላል ተውሰው፣
የገዛ ሥራቸውን ቆረጡት፣ አንድ ባንድ፣
ከታች እስከ ሠላሳኛው፣ ጉልበታቸው ሲርድ።
ብልጭታው ካፖርታቸውን ሲበሳሳው አየሁ።
«ልገዝልዎ?» አልኩ፤ አልሰሙኝም፤ ቆየሁ።

ፎቶዋ ግን ዞረች፤ ሺህ ሰው ወደደ፤
ማንም አልጠየቀም፣ ከላይ ምን ወረደ።

ቲሜክ አሁን ደህና ነው። ይስቃል፤ ይማራል።
ስለዚያች ሌሊት ቢያነሱበት ወሬ ይቀይራል።
ግን ትራም ሲሳፈር፣ መያዣውን ብረት
ሁለት ጊዜ ይስበዋል፣ ከመደገፉ በፊት።