ቀሪ

ሠላሳ ሰባት ነበርን፣ ሒሳብ ማስተማር ያጠናን፣
ጋውን በቀን ተከራይተን፣ ሐይቅ ዳር ፎቶ የተነሣን።
"ብቸኛ ቁጥር ናችሁ" አለን አማካሪያችን እየሣቀ፣
"ከአንድና ከራሱ በቀር፣ በማን ተካፍሎ አለቀ?"

ሥራ ግን አካፈለን፤
እኩል አይደለም፣ እንዲያው እንደ ደረሰ።

ጡሚሶ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሸሚዝ የሚሰፋ መስመር ላይ፣
ሰዓት ይዞ ቆሞ ይውላል፣ የሴቶቹን እጅ ሲያይ፤
አንድ ኮሌታ ስንት ሰከንድ፣ አንድ ቁልፍ ስንት እንደሚፈጅ
ያውቃል። ስማቸውን አያውቅም፤ የሚያውቀው እጅ ነው፣ እጅ።

ፍሬሕይወት ባንክ ገባች፣ ከመስታወት ወዲያ ማዶ፣
ብር ስትቆጥር ጣቷ እንደ ካፊያ ወርዶ ወርዶ።
"ክፍልፋይ ትዝ ይልሻል?" ብላት፣ ሣቀች ቀና ብላ፤
"እዚህ ቤት ክፍልፋይ የለም፤ ወይ ጎደለ ነው፣ ወይ ሞላ።"

ዘካሪያስ ባጃጅ ገዝቶ፣ ከኋላ መስታወቱ ላይ፣
ቀይ ቀለም ነክሮ ጣቱን፣ የግሪኩን ፊደል፣ ፓይ፣
ሥሏል። የአቶቴ ተሳፋሪ "ይሄ በር ምንድን ነው?" ይለዋል።
"መጨረሻ የለውም" ይልና፣ ሒሳቡን ይቀበላል።

እኔ ግን ቀሪ ነኝ፤ ተካፍሎ የተረፈ፣
ታቦር ሥር፣ የጠመኔ ብናኝ ሲያራግፍ አምስት ዓመት ያሳለፈ፤
ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ በየዴስኩ ተጣብቆ የሚማር፣
ደመወዜ ወር ሳይጋመስ፣ እንደ ጠመኔው የሚሰበር።
ጥር ላይ የባንክ ማስታወቂያ ወጣ። ፎርሙን ሞልቼ፣
ኪሴ ውስጥ አጥፌ ያዝኩት፣ ዳይሬክተሩን ፈርቼ።

ስም ስጠራ፦ "ዱሬቴ!"
ዝም።
"ቀሪ ናት" ይላል አንዱ፣ ከመስኮቱ ሥር።
ሦስተኛ ሳምንቷ። መዝገቡ ላይ "ቀ"፣ "ቀ"፣ "ቀ"፣
በአንድ እግሩ እንደ ቆመ አባ ኮዳ ተሰልፏል።

ቅዳሜ አሞራ ገደል ወረድኩ።
እውነተኞቹ አባ ኮዳዎች፣ እንደ ጡረተኛ ኢንስፔክተር፣
ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞራሉ።
ዱሬቴ የቆሮሶ ቅርፊት ትፍቃለች። ቀና ሳትል፦
"መምህር፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ፣ ለምን ፖዘቲቭ ሆነ?"

በጥቅምት "ሕጉ ነው" ብዬ አልፌው ነበር።
ቁጢጥ አልኩ።
"በየሳምንቱ ሃምሳ ብር ትከፍላላችሁ እንበል፤ ዕዳ ነው፣ ነጌቲቭ።
የሦስት ሳምንቱን ሰረዙላችሁ፤ መሰረዝም ነጌቲቭ።
ስንት ተረፋችሁ?"
ቢላዋው ቆመ። "መቶ ሃምሳ።"
ደግሞ ጥቂት ቆይታ፦
"እሺ። ማነው የሚሰርዘው?"

ለዚህ ኮርስ አልነበረንም።

ከፌስታል ውስጥ የእናቷን ወረቀት አወጣች፣
ባለመረቡ በእጁ የጻፈውን።
እኔ ፎርሙን ከኪሴ መዘዝኩ፤ ጀርባው ባዶ ነው።
መስመር በመስመር ወረድን፣ ድንጋይ ላይ ዘርግተን።
ሰባተኛው ላይ ዓይኔ ቀድሞ ደረሰ፤ ምላሴን ግን ነከስኩ።
ምናልባት የተማርኩት እሱን ብቻ ነው፦
ስህተቱ የገባበትን መስመር
ልጅቷ ራሷ እስክታገኘው ዝም ማለት።
ቅርፊት የተለጠፈበት ጣት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።
"ወለዱን ሁለቴ ደመረው!"
እናትየው መረብ ከምትፈታበት "ምን አለች?" አሉኝ።
"እሷው ትንገርዎት" አልኩ።

ማንም ምንም አልሰረዘም።
ፎርሙን እሷ ያዘችው፣ ለባለመረቡ ልታሳየው፤
ከፊት የኔ ስምና ፎቶ፣
ከኋላ የእናቷ ዕዳ።

ሰኞ የባንኩ ምዝገባ ማብቂያ ነው።
ሰኞ መዝገቡን ገለጥኩ።
"ዱሬቴ!"
አንዴ። ሁለቴ።
እስክርቢቶዬ ነጩ ሣጥን ላይ ተንጠለጠለ፣
የ"ቀ"ን አንድ እግር ሊያቆም ሲል፣
ከበሩ የዓሣ ሽታ
ከእሷ ቀድሞ ገባ።