ከኮቱ ኪስ

እኔ ያለሁት ከምድር በታች ነው፤ ማናማ፣ ሆቴሉ ሥር፣
እንፋሎት እንደ ጉም በሚጋልብበት ክፍል፣ ከካውያው ጋር።
እሱ ያለው ካናቴ ነው፣ መድረኩ ላይ፣ መብራቱ ቀይ፤
ከበሮው ጣሪያዬን ሲንጠው ብቻ ነው የምንተያይ።

ስሙ ልሳነወርቅ ነው። ቢሮው «ይረዝማል» ብሎ ቆረጠው፣
በፖስተሩ ላይ «ሌስ» ብሎ ከነጊታሩ ለጠፈው።
ከበሮ መቺው፣ ያ ፊሊፒናዊ፣ ትርጉሙን ነገረኝ ሲስቅ፤
በፈረንጅ አፍ «ያነሰ» ማለት ነው። ሰሙ ያነሰ፣ ውስጡ ወርቅ።
እኔ ግን በኮቱ አንገት ሥር ሙሉውን እጽፋለሁ፣
እንዳይጠፋ።

ሰው ዘፋኝን በድምፁ ያውቃል፤ እኔ በኪሱ አውቀዋለሁ።
ኮት ሳይታጠብ ይፈተሻል፤ ደንብ ነው፣ እፈትሻለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት
የአውቶቡስ ቲኬት፣ የሳል ከረሜላ፣ የተሰበረ የጊታር መምቻ፣
የሰው ዘፈን ዝርዝር፣ ሃያ ሁለት፤ የራሱ አንድ ብቻ፣
እሱም በእርሳስ፣ ከሱፐርማርኬት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፦
«በጨው ላይ የተኛች ከተማ፣ ጥማቷ የማይታይ»
ከዚያ ሥርዝ። ከዚያ ባዶ።

ደረሰኙን ሦስት ቀን አቆየሁት። ጥፋት ነው፣ አልክድም።
በአራተኛው፣ ከሥርዙ ሥር፣ በልብስ ምልክት ቀለም፦
«ላቤም ጨው፣ ባሕሩም ጨው፤
ማነው ከማን የተበደረው?»
አጥፌ መለስኩት ወደ ኪሱ፣ ከነትኩሳቱ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሌሊት ጣሪያዬ ከወትሮው ይበልጥ ተናጠ፣
በአየር ቱቦው የራሴ ቃል ወርዶ እንፋሎቱን ቆረጠ።
ጊታሩ እንደ መጋዝ፣ ድምፁ እንደ ተቀደደ ሸራ፣
እሱ «ማነው?» ሲል ሕዝቡ «ከማን?» እያለ ሲያጓራ።

የታክሲ ሹፌር በዶሃ፣ ግንበኛ በሻርጃ፣ ሞግዚት በሳልሚያ
የስልካቸው ጥሪ አደረጉት፣ ለመንቂያም ለመተኚያ።

ኪሱም ተለወጠ፤ የሌላ ሆቴል ቁልፍ፣ የንግድ ካርድ፣ የሽቶ ወረቀት።
አንዴ ከዱባይ ጥቁር የሌጦ ጃኬት ተላከ፣ «በጥንቃቄ» ተጽፎበት።
ፈተሽኩት። ኪሱ የተሰፋ ነው።
ለማማር ነው አሉኝ፣ የዘመኑ ልብስ ኪሱ አይከፈትም።
በዚያ ዓመት አዲስ ዘፈን አልወጣለትም።

ሦስት ዓመት ያችኑ አንዲቱን፤ በጀልባ፣ በሠርግ፣ በገበያ አዳራሽ ምርቃት፤
በካውያ ብዛት ጨርቅ እንደሚሳሳ፣ ድምፁም ክሩ ታየበት።
ከዚያ የሐኪም ማዘዣ። ከዚያ የተመለሰ ቼክ። ከዚያ ያው የድሮው ኮት፣
ክርኑ ያብረቀረቀ፣ እዚሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰው በሌለበት።

ባለፈው ሳምንት ራሱ ወረደ። ለካ አጭር ሰው ነው።
ደረሰኙን ዘረጋ፣ ከአራት ቦታ ታጥፎ ያለቀ፤
«የማን እጅ ነው ይሄ?» አለኝ። ድምፁ መሐል ላይ ደረቀ።
ካውያው ተነፈሰ፤ እኔ አልተነፈስኩም።
የኮቱን አንገት ገለበጠ። አንዴ ደረሰኙን አየ፣ አንዴ ስሙን፣
ያንኑ «ወ»፣ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ዘመም ያለ «ነ»ን።
«ስንት አለብኝ?» አለ።
ግድግዳው ላይ ያለውን ዋጋ አሳየሁት፤ ኮት፣ አንድ ዲናር ከሩብ።
ከፈለ። መልሱን አልጠበቀም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ኮቱ መጣ። ኪሱ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት፣
ከላይ በእርሳስ አንድ መስመር፣ ከሥሩ ሰፊ ቦታ ትቶበት።
መስመሩ ደካማ ነው።
ካውያው እስኪግል አስባለሁ።