ሠላሳ ሰከንድ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ።
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደልቃል፣ የቆየ ቂም እንዳስነሳ፤
ሃያ አራት ማሽን ተደርድሯል፤ ሃያ ሦስቱ ያጉረመርማሉ፣
አስራ ሰባተኛው ሬሳ።

የጀመረው ማክሰኞ ነው።
መብራት ሄዶ፣ መጥቶ፣ ደግሞ ሄዶ፣
ጄኔሬተሩ ሁለቴ ስሎ ሲተኛ
የዲስኮቹ ሆድ ተበጠበጠ፤ አልቀረም አንድ ጤነኛ።
"በቃ፣ ከሥሩ እንጀምር" ብዬ
አንደኛውን አጸዳሁ፤ ሥርዓቱን ዘረጋሁ፤
ፈትሼ፣ አርሜ፣ ደግሜ አይቼ
ያንን አንድ ዲስክ እንዳለ ገልብጬ
ለሃያ ሦስቱ አደልኩ፣ ጎረቤት እርሾ እንደሚዋዋስ።

ሲነሱ ግን ጉድ ነው።
ሦስተኛውን ማን ትባላለህ ስለው፣ "አንደኛው ነኝ"፤
ዘጠነኛውም፣ "አንደኛው ነኝ"፤
ሃያ ሁለተኛውም ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ "አንደኛው ነኝ"።
በአንድ የቤት ቁጥር ሃያ አራት አባወራ ሲሟገት
መረቡ ታመሰ።

የቅጂ ጣጣው ይሄ ነው፤
መልኩን ስትሰጠው ስሙንም ይወስደዋል፤
አጥንቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አብሮ ይገለበጣል።
ተቀመጥኩና አንድ በአንድ ፋቅሁላቸው፤
ቄስም ሼኽም ሆኜ ስም አወጣሁላቸው።
ሃያ ሦስቱ እሺ አሉ።

አስራ ሰባተኛው
ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ፣
ብልጭ፣ ድርግም፣
አፉን ከፍቶ ቃሉ የጠፋበት ሰው።
ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ቀዳሁለት፤ እንቢ።
ሚሞሪውን ነቅዬ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁለት፤ እንቢ።
ኬብሉን በአዲስ ተካሁ፣ ፓወሩን ለወጥኩ፣
በመጨረሻ ሰደብኩት፤ እንቢ።

ናዕማ ትደውላለች። "ደረሰ?"
የወባ ትንኝ ዘረመል ይዛ
ሦስት ሳምንት ወረፋ ጠብቃለች።
"ሊደርስ ነው" እላለሁ፤
ውሸቴን ዝናቡ ይሸፍንልኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሸነፍኩ።
ጃኬቴን ራሴ ላይ ጥዬ ወደ ግቢው በር ወረድኩ።
በሩ ተቆልፏል። የቦዬ እንቁራሪቶች እስከዚህ ይሰማሉ።
"አባ ረሻድ!"
ዝም።
"አባ ረሻድ! አባ ረሻድ!"
ዝም።
ተስፋ ቆርጬ ዞርኩ፤ አስር እርምጃ ያህል ስሄድ
ከኋላዬ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ፤
"መጣሁ እኮ! ጉልበቴ እስኪፈታ ነው።
መጀመሪያ ጆሮዬን እጥላለሁ፣ ጠሪው ሌባ ይሁን ሰው።
የዛሬ ልጅ ጠርቶ መቆም አያውቅም?"

ቆምኩ። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ይገባል።
ስዊቹ!
ስዊቹም በር ጠባቂ ነው፤
አዲስ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው አይከፍትም፣
መንገዱ ዞሮ እንዳይጠላለፍ ዙሪያውን ያዳምጣል፤
ሠላሳ ሰከንድ።
ሌሎቹን ደጆች "ሳታዳምጥ ክፈት" ብዬዋለሁ ድሮ፤
የአስራ ሰባተኛውን ግን ባለፈው ክረምት መብረቅ ሲበላው
ወደ ዳር ወሰድነው፤
ለአዲሱ ደጅ የነገረ የለም።
እሱ ደግሞ ምስኪን
ሲነሳ መጀመሪያ በመረቡ ይጣራል፤
"ማነኝ? ከየት ልነሳ?"
ሦስቴ ጠርቶ ይዞራል፤
በሩ ሲከፈት ደጁ ላይ ማንም የለም።

"ይቅርታ አባ ረሻድ፣ የረሳሁት አለ!"
"ከፍቼልህ እኮ ነው!"
ጭቃውን እየረጨሁ ሮጥኩ።

አንድ መስመር ጻፍኩ። አንዷን ብቻ።
ሰረዟ ጠፋች፤ ፊደል ፈሰሰ፤
ማራገቢያው እንደ ተቆጣ ንብ ተነሳ፤
ማን ትባላለህ አልኩት፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ።
"አስራ ሰባት።"

ሦስት ቀን ሙሉ የከሰስኩት ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤
ምንም አላደረገም ነበር።

በጅሬን በኩል ሲነጋጋ ወጣሁ።
በሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠራሁ፤
"አባ ረሻድ።"
ከዚያ ቆሜ ቆጠርኩ።
ሃያ ስምንት ላይ
ቁልፉ ተንቀጫቀጨ።